ለሁሉም አንድ ፓኬጅ? የግብርና ኤክስቴንሽን ታሪክና የፃግብጂ ማሳ

እንደሚታወቀው በፃግብጂ ወረዳ የዓመቱ ኑሮ የሚወሰነው በክረምቱ ጥቂት ሳምንታት ነው። ዝናቡ በጊዜው ከጣለ ማሽላው ይይዛል። ከዘገየ አርሶ አደሩ የተዘራውን ማሽላ ገልብጦ ጤፍ ይዘራል። ጤፉም ካመለጠው በቀረችው እርጥበት ሽምብራ ወይም ማሾ ይሞክራል። ዝናቡ ነሐሴ ሳያልቅ ከወጣ ደግሞ ፍየል ሸጦ እህል መሸመት ይመጣል። ይህ ሁሉ ውሳኔ የሚሰጠው ማሳው ላይ ቆሞ፣ ሰማዩን አይቶ፣ በጎተራ የቀረውን ዘር ቆጥሮ ነው።

በብዙ የግብርና ጽሕፈት ቤቶች ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ በኖረው የሥራ ፍሰት ሥዕል ላይ ግን ይኸው ሥራ ሌላ መልክ አለው። «አርሶ አደር መመልመል» ከሚለው ሣጥን ቀስት ተነስቶ «ማሠልጠን» ወደሚለው ይሄዳል። ከዚያ «ግብዓት ማሠራጨት»፣ ቀጥሎ «መከታተል»፣ በመጨረሻም «ሪፖርት ማድረግ» ይከተላሉ። ሥዕሉ ንጹሕና ግልጽ ነው። ዝናቡ ሲዘገይ ቀስቱ ወዴት እንደሚዞር ግን አይናገርም።

ዩኒየኑ የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ወቅት አንድ ጥያቄ ማንሳት ተገቢ ነው። የትኛው ሥራ በሣጥንና በቀስት ሊመራ ይገባል? የትኛውስ ለባለሙያውና ለአርሶ አደሩ ማስተዋል ሊተው ይገባል? መልሱ ከ50 ዓመት በላይ ባስቆጠረው የአገራችን የግብርና ኤክስቴንሽን ታሪክ ውስጥ ይገኛል።

የሣጥንና የቀስት አመጣጥ

ሥራን ከፋፍሎ፣ ቅደም ተከተሉን በሥዕል አስቀምጦ የመምራት ሐሳብ የተወለደው በፋብሪካ ነው። አሜሪካዊው መሐንዲስ ፍሬድሪክ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1911 ባሳተመው መጽሐፍ እያንዳንዱ ሥራ ተለክቶና ተጠንቶ አንድ የተሻለ አሠራር ሊወጣለት ይችላል ሲል አስተማረ። ፍራንክ ጊልብሬትና ባለቤቱ ሊሊያን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1921 የሥራን ሂደት በምልክትና በመስመር የሚያሳይ ሥዕል ለአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር አቀረቡ። ዛሬ በየቢሮው የምናየው የሥራ ፍሰት ሥዕል የዚያ ሥዕል የልጅ ልጅ ነው።

ይህ አሠራር በፋብሪካ ትልቅ ውጤት አስገኝቷል። ምክንያቱም ጠዋት የሚመጣው ብረት ከሰዓት በኋላ ከሚመጣው ብረት አይለይም። ይሁን እንጂ ሥራ ሁሉ እንደዚህ አይደለም። ፒተር ድራከር የተባለው የሥራ አመራር ምሁር እ.ኤ.አ. በ1959 «የዕውቀት ሠራተኛ» የሚል ስያሜ በጽሑፉ አስተዋወቀ። ድራከር ቆይቶ እንዳብራራው በእጅ ሥራ ላይ የሚሠራው ነገር አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ የሚቀረው እንዴት ይሠራ የሚለው ብቻ ነው። በዕውቀት ሥራ ላይ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ «ሥራው ምንድን ነው?» የሚል ነው።

ይህን ልዩነት ለመረዳት ጤና ጣቢያ መሄድ ይበቃል። ካርድ ክፍሉ በሥርዓት ይሠራል፤ ተራ ይያዛል፣ ካርድ ይወጣል፣ ይመዘገባል። ምርመራ ክፍሉ ውስጥ ያለው ባለሙያ ግን በሽተኛውን ሳያይ ምን እንደሚያዝ አያውቅም። መመሪያ አለው፣ ላቦራቶሪ አለው፣ የቀድሞ ካርዱ ፊቱ ተቀምጧል። እነዚህ ሁሉ ይረዱታል እንጂ በእሱ ቦታ አይወስኑለትም። ከሁለት ሰዎች አንዱ ወባ፣ ሌላው ታይፎይድ ቢኖርባቸው ለሁለቱም አንድ ዓይነት መድኃኒት ማዘዝ ሥርዓት ማክበር ሊባል አይችልም።

ፓኬጅ ወደ አገራችን ሲገባ

የግብርና ፓኬጅ ሐሳብ በኢትዮጵያ ሥር የያዘው ከ1960 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። በዚያ ዓመት በስዊድን መንግሥት ድጋፍ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት አሰላ ላይ ሥራ ጀመረ። ተመሳሳይ ፕሮጀክት ቆየት ብሎ በዓለም ባንክ ድጋፍ በወላይታ ተቋቋመ። ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ብድርና ምክር በአንድነት ሲቀርቡ ምርት እንደሚያድግ ታየ። ወጪው ግን ከባድ ስለነበር በአገሪቱ ሁሉ ለማዳረስ አልተቻለም። ስለሆነም እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ «ሚኒመም ፓኬጅ» የተባለው ፕሮግራም ተቀረጸ። የተመረጡ ጥቂት ግብዓቶችን በመኪና መንገድ ዳር ለሚገኙ ገበሬዎች ማድረስ ዓላማው ነበር። እንደ ዋግ ያሉ ከመንገድ የራቁ ተራራማ አካባቢዎች ከዚህ ፕሮግራም የሚያገኙት ብዙ አልነበረም።

በደርግ ዘመን ደግሞ «ሥልጠናና ጉብኝት» የተባለው ዘዴ ተሞከረ። በዓለም ባንክ ባለሙያው ዳንኤል ቤኖር የተስፋፋው ይህ ዘዴ በቱርክና በሕንድ የታወቀ ነበር። ሠራተኛው በየ15 ቀኑ ሥልጠና ይወስዳል፤ በተወሰነው ቀን የተወሰኑትን ገበሬዎች ይጎበኛል፤ የተማረውን መልእክት ያደርሳል። የሥራው ፕሮግራም በዓመት መጀመሪያ ተጽፎ ያልቃል። የጠራ ሥርዓት በመሆኑ ለተቆጣጣሪ ይመቻል። መልእክቱ የሚሄደው ግን ከላይ ወደ ታች ብቻ ነበር።

በ1985 ዓ.ም. ሳሳካዋ ግሎባል 2000 በኢትዮጵያ ሥራ ጀመረ። ከጀርባው የኖቤል ተሸላሚው ዶክተር ኖርማን ቦርሎግና የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ነበሩ። በግማሽ ሄክታር የሠርቶ ማሳያ ማሳዎች ላይ በቆሎና ስንዴ በምርጥ ዘርና በማዳበሪያ ሲዘሩ ምርቱ ከገበሬው ልማዳዊ ምርት በእጅጉ በለጠ። መንግሥት ይህን አይቶ በ1987 ዓ.ም. የአሳታፊ ሠርቶ ማሳያና ሥልጠና ኤክስቴንሽን ሥርዓትን ዘረጋ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሠርቶ ማሳያዎቹ ቁጥር ከብዙ ሺህ ወደ ሚሊዮኖች አደገ።

የፓኬጁ ጥቅም ሊካድ አይገባም። ብዙ አርሶ አደሮች ማዳበሪያንና ምርጥ ዘርን ያወቁት በእሱ ነው። በቂ ዝናብ ባላቸው ወረዳዎች የበቆሎና የስንዴ ምርት አድጓል። ችግሩ የተፈጠረው በአንድ ቦታ የሠራው ቀመር ለሁሉም ቦታ ሲታዘዝ ነው።

100 ኪሎና 100 ኪሎ

በዚያ ዘመን በልማት ጣቢያ የሠራ ሰው ሁሉ አንድ ቁጥር በቃሉ ያውቃል፦ ለአንድ ሄክታር 100 ኪሎ ዳፕ፣ 100 ኪሎ ዩሪያ። ይህ ሲሰላ 64 ኪሎ ናይትሮጅንና 46 ኪሎ ፎስፌት ማለት ነው። ቁጥሩ ለደጋውም ለቆላውም፣ ለጥቁር አፈሩም ለድንጋያማው ተዳፋትም ያው ነበር። በብዙ የአገሪቱ ክፍሎች ለረጅም ዓመታት ሲሠራበት የኖረው ይህ ምክር ነው።

እርጥበት በሌለበት መሬት ግን ማዳበሪያ ብቻውን ምርት አይሰጥም። ዝናብ በተቋረጠበት ዓመት ቡቃያው ይደርቃል፤ የማዳበሪያው ዕዳ ግን አይደርቅም። እንደ ፃግብጂ ባለ አካባቢ ዕዳው የሚከፈለው ከፍየሉ ወይም ከቀፎው ነው። ከጉረኖ የወጣችው ፍየል ደግሞ ለቀጣዩ ክፉ ዓመት የተቀመጠችው ተስፋ ነበረች። የአንድ መስመር ስህተት የአንድ ቤተሰብን መጠባበቂያ ያሳጣል የምንለው በዚህ ምክንያት ነው።

ዝናብ በበቃበት ዓመትም ሌላ ችግር ታይቷል። በ1994 ዓ.ም. በቆሎ በብዛት ተመርቶ ዋጋው ወደቀ። ገበሬው ማዳበሪያ የወሰደበትን ብድር ለመክፈል ምርቱን በርካሽ ለመሸጥ ተገደደ። በፓኬጁ ሥዕል ላይ ገበያ የሚል ሣጥን አልነበረም። በተከታዩ ዓመት ደግሞ ድርቅ መጣ።

የልማት ሠራተኛውም ተቸግሮ ነበር። በዘመኑ የተካሄዱ ጥናቶች፣ የዓለማያ ዩኒቨርሲቲ ምሁር የነበሩት የበላይ ካሳ ጥናት ጭምር፣ ሥርዓቱ በስሙ አሳታፊ ይሁን እንጂ ፓኬጁ ከላይ ተዘጋጅቶ የሚወርድ መሆኑን አሳይተዋል። የልማት ሠራተኛው ማዳበሪያ ያድላል፣ ብድር ያስመልሳል፣ ኮታ ያሟላል። ቀን የመከረውን አርሶ አደር ማታ ዕዳ ሲጠይቀው ምክሩ ይጠረጠራል። ሠራተኛው የሚመዘነው ስንት ኩንታል እንዳሠራጨ እንጂ ስንት ማሳ እንደተሻሻለ አልነበረም።

ሌላው ምሳሌ የ1995 ዓ.ም. የኩሬ ቁፋሮ ዘመቻ ነው። በአማራና በትግራይ ክልሎች የቤተሰብ ኩሬዎች በኮታ ተቆፈሩ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ በተስማሚ ቦታ የተሠሩት ጥቂቶቹም ለጓሮ አትክልት ጠቅመዋል። ነገር ግን ብዙዎቹ አሸዋማ ወይም በተሰነጠቀ መሬት ላይ በመሠራታቸው ውኃ ሳይዙ ቀሩ። ቦታውን ከጎረቤቱ ይልቅ የሚያውቀው ባለመሬቱ ቢጠየቅ ኖሮ ውኃ የሚሰርግበትን ሥፍራ ባመለከተ ነበር። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እንዲሉ ነው።

የመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ

በዚሁ ዘመን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ራሳቸው ወደ ሣጥንና ቀስት ገቡ። ማይክል ሐመርና ጄምስ ቻምፒ የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት መጽሐፍ የታወቀው መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ፣ በተለምዶ ቢፒአር የሚባለው፣ ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ በፌደራል መሥሪያ ቤቶች፣ ቆየት ብሎም በክልልና በወረዳ ተስፋፋ። በየቢሮው «ነባሩ አሠራር» እና «አዲሱ አሠራር» በሥዕል ተሠሩ። ሠራተኞች በሥራ ሂደት ተደለደሉ። ለእያንዳንዱ ተግባር የጊዜ መለኪያ ወጣለት።

ባለጉዳይ የሚመላለስበት ሥራ በዚህ ተጠቅሟል። የንግድ ፈቃድ ማውጣት ከቀናት ወደ ደቂቃዎች የወረደባቸው ቢሮዎች ነበሩ። ደረጃው በግልጽ ሲለጠፍ «ነገ ተመለስ» የሚል ሠራተኛ ምክንያት ያጣል። አድልዎም ይቀንሳል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የምክር አገልግሎት ግን እንደ ንግድ ፈቃድ አይደለም። «ማሳ መጎብኘት፣ 30 ደቂቃ» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። በዚያ 30 ደቂቃ ውስጥ አቀንጭራ የወረሰውን ማሽላ አይቶ ምን ይደረግ የሚለውን መመካከር ግን በሣጥን ውስጥ አይገባም። በሥዕሉ ላይ «አዎ» እና «አይደለም» የሚሉ መንታ መንገዶች ቢጨመሩስ? ዝናብ፣ አፈር፣ ዘር፣ በሬ፣ ጉልበት፣ ዕዳ፣ ገበያ እያሉ መንታ መንገዶቹ ይበዙና ሥዕሉ ከጥቅም ውጭ ይሆናል። ወይም ደግሞ ሠራተኛው ሥዕሉን ትቶ የሚሠራውን ይሠራና ሪፖርቱን እንደ ሥዕሉ ይጽፋል። ያን ጊዜ ሪፖርቱ ስለ ማሳው የሚናገረው ነገር አይኖርም።

መንግሥት ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ 25 የግብርና ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችን ተጠቅሞ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የልማት ሠራተኞችን ማሠልጠኑ ትልቅ እርምጃ ነበር። በእያንዳንዱ ቀበሌ በሰብል፣ በእንስሳትና በተፈጥሮ ሀብት ሦስት ባለሙያዎች እንዲመደቡ፣ የገበሬዎች ማሠልጠኛ ማዕከላትም እንዲቋቋሙ ተደረገ። ለሦስት ዓመት የሠለጠነን ባለሙያ የተዘጋጀ መልእክት ብቻ እንዲያደርስ ማድረግ ግን ዕውቀቱን በሣጥን ቆልፎ ማስቀመጥ ነው።

ሌላው መንገድ

ሥዕል ሁሉ መጥፎ አይደለም። በኢንዶኔዥያ የሩዝ ገበሬዎች ፀረ ተባይ በብዛት በመርጨታቸው የተባዩን ጠላት ነፍሳት ገደሉ፤ ተባዩም ይበልጥ ተራባ። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1986 በሩዝ ላይ 57 ዓይነት ፀረ ተባዮችን አገደ። እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ደግሞ በዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ድጋፍ የገበሬዎች የመስክ ትምህርት ቤት ተጀመረ። ገበሬዎቹ በየሳምንቱ ማሳ ውስጥ ገብተው ተክሉን፣ ነፍሳቱን፣ ውኃውን ይመለከታሉ። ያዩትን በትልቅ ወረቀት ላይ ይሥላሉ። ከዚያ ይወያዩና የሳምንቱን ውሳኔ ይወስናሉ። በዚህ ሥዕል ላይ የሚታየው የዚያን ዕለት ማሳ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ሥዕል ይሣላል። አሠልጣኙ መልስ ከመስጠት ይልቅ ጥያቄ ይጠይቃል።

በአገራችንም ለዚህ የሚቀርቡ ጅምሮች አሉ። በመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ፈትየን ዓባይ የትግራይ አርሶ አደሮች የገብስ ዘርን እንዴት እየመረጡ እንደሚያሻሽሉ አጥንተዋል። አርሶ አደሩ ለካ ራሱ ተመራማሪ ነው። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣት እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም ምግብ ሽልማትን አግኝተዋል። ከሥራቸው የተገኙት «ጎቢዬ» እና «አብሺር» የተባሉ ዝርያዎች በኢትዮጵያም ተለቀዋል። ያም ሆኖ አርሶ አደር አዲስ ዝርያ ሲቀርብለት ፍሬውን ብቻ አይመዝንም። አገዳው ለከብት መኖ፣ ለማገዶና ለቤት ክዳን ይሆናል ወይ ብሎ ይጠይቃል። አጭር ማሽላ ፍሬ ቢሰጥም አገዳ ያሳጣል። ስለዚህ በአንዱ ማሳ አዲሱን፣ በሌላው ነባሩን መዝራት ሞኝነት ሳይሆን ስሌት ነው።

ለሁሉም አንድ የነበረው የማዳበሪያ ቀመርም ቀስ በቀስ ተፈትሿል። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ አስተባባሪነት የአገሪቱ አፈር ለምነት ካርታ ጥናት ተካሂዶ ብዙ አፈሮች ከናይትሮጅንና ከፎስፈረስ ሌላ ሰልፈርን የመሳሰሉ ንጥረ ነገሮች እንደጎደሏቸው ታወቀ። በዳፕ ፋንታም ሰልፈር ያለው ማዳበሪያ መቅረብ ጀመረ። ካርታውም ቢሆን ረዳት ነው፤ የማሳውን ጥግ የሚያውቀው ባለማሳው ነው።

ወደ ዋግ ስንመለስ በ2007 ዓ.ም. የታወጀው የሰቆጣ ቃልኪዳን ይጠቀሳል። የሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስቆም የተገባው ይህ ቃል ሲጀመር በአንድ ጊዜ በአገሪቱ ሁሉ አልተዘረጋም። በመጀመሪያ በተከዜ ተፋሰስ ባሉ የአማራና የትግራይ ወረዳዎች የሙከራ ምዕራፍ ተደረገ። የማኅበረሰብ ቤተ ሙከራ የተባለው ዘዴም በዚሁ ምዕራፍ ነዋሪውና ባለሙያው አብረው መፍትሔ እንዲፈልጉ የታሰበ ነበር። ሞክሮ፣ ተምሮ፣ ከዚያ ማስፋት የሚለው ሐሳብ ከዚሁ ምድር ስም ጋር መያያዙ ትርጉም አለው።

ያለፉት ዓመታትም ይህንኑ አስተምረዋል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ዋግ ኽምራ ሲደርስ ከአበርገሌና ከፃግብጂ ብዙ ሰው ተፈናቅሎ ወደ ሰቆጣ ሄደ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ድርቅ ፃግብጂን፣ ሳህላን፣ ዝቋላንና አበርገሌን ጎዳ። ሰኔና ሰኞ በገጠመበት በዚያ ጊዜ አስቀድሞ የተሣለ ቀስት ማንንም አልመራም። ሰውን ያቆየው መጠያየቅ፣ ዘር መበዳደር፣ ያለውን አይቶ መወሰን ነው።

የማኅበራት ድርሻ

የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147 በ1991 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ መሠረታዊ ማኅበራትና ዩኒየኖች የግብዓት ሥርጭትን በአብዛኛው ተረክበዋል። በ2009 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 985ም ይህንኑ አጠናክሯል። ስለዚህ የፓኬጅ ታሪክ ጥያቄ ዛሬ የማኅበራት ጥያቄ ነው።

በማኅበር ውስጥ በሣጥንና በቀስት መመራት ያለበት ሥራ ብዙ ነው። ማዳበሪያ ከመጋዘን ሲወጣና ሲገባ፣ ማር ሲመዘን፣ ደረሰኝ ሲቆረጥ፣ የትርፍ ክፍፍል ሲሠራ፣ ሒሳብ ሲመረመር ደረጃው ተጽፎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ አለበት። የፀረ ተባይ መጠንም ከተጻፈው ዝንፍ ማለት የለበትም። በዚህ ሥራ ላይ «እንደ ሁኔታው እናያለን» የሚል ሰው ካለ አባላት ሊጠራጠሩ ይገባል። ሚዛን እንደ ሁኔታው አይለዋወጥም።

ምክርና ምርጫ ግን ሌላ ናቸው። የግብዓት ፍላጎት የሚሰበሰበው በበጋ ነው፤ ዝናቡ መዘግየቱ የሚታወቀው በሐምሌ ነው። በመካከሉ ያለውን ክፍተት የሚሞላ ዝግጅት ከሌለ አባሉ በጥር ባስመዘገበው ይታሰራል። ቶሎ የሚደርስ ዘር፣ ለምሳሌ ማሾና ሽምብራ፣ በመጋዘን በመጠባበቂያነት ቢቀመጥ፣ ማዳበሪያም በትንሽ መጠን ተከፍሎ ቢሸጥ አባሉ ሰማዩን አይቶ የመወሰን ዕድል ያገኛል። የልማት ሠራተኛውም የእያንዳንዱን ማሳ ታሪክ እንደ ጤና ጣቢያ ካርድ ቢይዝ፣ መቼ እንደዘነበ፣ ምን እንደተዘራ፣ ምን እንደተገኘ ቢመዘግብ፣ በሚቀጥለው ዓመት ምክሩ ከዜሮ አይጀምርም። ተክቶት የሚመጣው ሠራተኛም ማሳውን እንደ አዲስ አያይም።

የወረዳ ኃላፊዎችም በሪፖርት ላይ አንድ ጥያቄ ቢጨምሩ ይጠቅማል። ከ«ስንት ኩንታል ተሠራጨ?» በተጨማሪ «በዚህ ዓመት ከዕቅዱ የወጣችሁት የት ነው? ለምን? ምን ተገኘ?» ብለው ቢጠይቁ ከዕቅድ መውጣት ጥፋት ሳይሆን ትምህርት ይሆናል። የማይጠየቅ ነገር አይጻፍም፤ ያልተጻፈ ነገር ደግሞ ለሌላ ቀበሌ አይተርፍም።

በአጠቃላይ ሲታይ የ50 ዓመቱ ታሪክ ሥርዓትን አትጥሉ አይልም። ሥርዓት ለመጋዘኑ፣ ማስተዋል ለማሳው ይሁን ይላል። ሁለቱ ቦታ ሲለዋወጡ መጋዘኑ ይመዘበራል፣ ማሳው ይራቆታል። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» እንደሚባለው ባለሙያውና አርሶ አደሩ በአንድ ማሳ ዳር ቆመው ሲመካከሩ፣ ማኅበሩም ከኋላቸው የሚመረጥ ዘርና የታመነ ሚዛን ይዞ ሲጠብቃቸው፣ የፃግብጂ ፍየል ለዕዳ ሳይሆን ለልጆች ወተት በጉረኖዋ ታድራለች። ለዩኒየኑ አባላት በሙሉ መልካም የምሥረታ በዓል፤ ክረምቱንም የበረከት ያድርገው።